ድምፁን ምን ነካው?

ሰኞ፣ የካቲት 4

ቀኑን ሙሉ የደንብ ልብስ ኮሌታ ስሰፋ ዋልኩ። ከሰዓት ሬዲዮው የጊታረኛውን አዲስ ዘፈን ለቀቀ። እኛ ቤት ጊታረኛው ነው የምንለው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደውን ዘፋኝ። ስፌት ቤቱ ሁሉ "እያደር በሰለ!" ይላል። የኔ ሆድ ግን ባባ... ድምፁ ወፍሯል። ዘገምተኛ ሆኗል። ታሞ ይሆን? ኮሌታውን ገልብጬ ሰፋሁት፤ መፍታት ሆነ።

ረቡዕ፣ የካቲት 6

ሥራዎቹን ከመጀመሪያው ጀምሮ በተራ ሰማሁ። የመጀመሪያው ካሴት፣ እሱና ጊታሩ ብቻ... እንዴት ያለ ቀጭን፣ ቀላል ድምፅ! ሩጫ ነው፣ ልጅነት ነው። ያን ካሴት ሬዲዮም አይከፍተውም፤ ከቤታችን ቴፕ ውጪ ሰምቼው አላውቅም። ከሁለተኛው ወዲህ ያሉት ስልኬ ላይ ናቸው። እዚያ ሲደርስ ሰውዬው ድንገት ያረጃል። በአንድ ዓመት! ዝና እንዲህ ሰው ይበላል? ወይስ መጠጥ?

እህቴ፦ "እማዬ ስታስል እንኳ እንዲህ አልተጨነቅሽም! ባልሽ ነው እንዴ?"

ባሌማ ቢሆን ሐኪም ቤት ጎትቼ እወስደው ነበር። የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ መድረክ ይወጣል፤ ትኬት ገዝተናል። ቆሞ መዝፈን ቢያቅተውስ?

ቅዳሜ፣ የካቲት 9

ቴፑ ካሴቱን በላው! ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ሁለቱንም ይዤ በረርኩ። ሬዲዮ ጠጋኙ ክሩን ቀስ አድርጎ ስቦ አወጣው፣ በእርሳስ ጠቀለለው።

"እትዬ፣ ይሄ ሞተር ይፈጥናል፤ ድምፁን ያቀጥነዋል። ድሮም እንዲህ ነበር?"

"ምን አውቄ? ከልጅነቴ የማውቀው ይሄንኑ ነው።"

አንዲት ብሎን አዞረና ከፈተው። ሌላ ሰው ዘፈነ። ወፍራም፣ ዘገምተኛ... ቆይቶ ገባኝ። ራሱ ነው። ሬዲዮ ላይ የሰማሁት ያው ሰው።

እሑድ፣ የካቲት 10

ከካሴቱ ላይ፣ የእናቱን አልጋ ለመጨረሻ ጊዜ እንዳነጠፈ የሚያወራበትን ዘፈን ደጋግሜ ሰማሁ። ቃሉን በቃሌ አውቀዋለሁ። ግን እኔና እህቴ ሶፋ ላይ እየዘለልን የጨፈርንበት ነው እኮ! ጉድ ነው... ምንም አልነካውም። ያኔም እንዲሁ ነበር። ለአሁኑ እኔ አለሁለት፣ እጨነቃለሁ። ያኔስ ማን ነበረው? ማን "አይዞህ" አለው? ይኸው ዛሬም ምግብ አልበላልሽ አለኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 16

ቆሞ ዘፈነ። ጤነኛ ነው፤ እንዲያውም ሆድ አውጥቷል። የአልጋውን ዘፈን ሲጀምር እህቴ ብድግ ብላ ማጨብጨብ ጀመረች፣ ቤት በለመድነው ፍጥነት። ዘፋኙን ቀድማው ሄደች። እጇን ያዝኳት።

"ምነው? ያንቺ ዘፈን አይደል እንዴ?"

"የሱ ነው" አልኳት። "ተቀመጪ፣ እንስማው።"