የአባ ዝምታ ተረከዝ

ውድ ወንድምዓለም፣

ለጤናህ እንዴት ከርመሃል? እኔና እናታችን ደህና ነን፤ ጉልበቷ ብቻ ደረጃ በወጣች ቁጥር ይሟገታታል። አዲሱ ክፍልህ ወደ መንገድ የሚያይ መስኮት አለው ሲሉ ሰምቼ ደስ ብሎኛል።

ስልኩን ትቼ ወረቀት ያነሳሁት ተቀይሜ አይደለም። ሦስት ጊዜ ደውዬ ሳታነሳ ስትቀር ግን ተቀይሜ ነበር፤ አልዋሽህም። ሁለተኛው አልበም በወጣ ማግስት ባንዱን ጥለህ ስትሄድ፣ ዝና አናቱ ላይ ወጣ እያልኩ ሱቄ ለሚመጣው ጊታር ገዢ ሁሉ ሳማህ ከረምኩ።

ከአራት ባንድ አራት አውራዎች ለቅሜ ሳሰባስብ፣ አራት አውራ ዶሮ በአንድ ቆጥ አያድርም ብለውኝ ነበር። የመጀመሪያውን አልበም ግን ከሱቄ ጀርባ፣ መጋዘኑ ውስጥ፣ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ በአሥራ አንድ ቀን ቀዳችሁት። ተሰዳደባችሁ፣ ዘፋኟ ሁለቴ በር ወርውራ ዘግታ ወጣች፣ ሥራው ግን አማረ። ለሁለተኛው እንደ ነጋዴ አሰብኩ። ዕቃ ከየቦታው ተሰብስቦ መጋዘን ይገባል፤ ሁሉም በየቤቱ ቀድቶ ይላክልኝ፣ ጠብም አይኖርም አልኩ።

የዕለት ማስታወሻዬን ገልጬ አየሁት። የዚያን ቀን የጻፍኩት ይህን ነው፦ «ሁሉም ተስማሙ። የወንድሜ ከበሮ ቀድሞ ብቻውን ይቀዳል። እሱ ግን ቤዝ ተጫዋቹ ፊት ለፊቴ ይቀመጥልኝ አለ። አያስፈልግም።» ያልጻፍኩትም አለ። ቤዝ ተጫዋቹን፣ አባ ዝምታን፣ አይተህ ምን ልታደርገው ነው፣ ልታገባው ነው ወይ ብዬ ቀለድኩብህ። ሁሉም ሳቁ። አንተም ሳቅህ፤ ግን የሳቅኸው የእኛን ፊት ካየህ በኋላ ነበር።

የላክኸው የከበሮ ቅጂ ደረሰ። ያ ረጅሙ የመጨረሻ ዘፈን፣ መሃል ላይ ሁሉም ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን የሚመለስበት፣ እሱ ላይ ዘግይተህ ገባህ። ዘጠኝ ጊዜ ቀድተኸዋል፤ ዘጠኙም ዘግይቷል። የድምፅ ባለሙያው፣ ምት የሚቆጥርልህ ቲክታክ በማዳመጫህ እስከ ጥግ ተከፍቶ ማይክሮፎኑ ውስጥ ሳይቀር ገብቷል ብሎ ተገረመ። ታሟል እንዴ ብሎም ጠየቀኝ። ሰንፎ ነው፣ በማሽን ጎትተህ አስተካክለው አልኩት። እያንዳንዷን ምት እየጎተተ መስመሯ ላይ አስቀመጣት። ጋዜጣው «እንደ ሰዓት የማይሳሳት ከበሮ» ብሎ ጻፈ፤ እኔም ቆርጬ ላኩልህ። ያንን ፖስታ ስትከፍት ምን እንደተሰማህ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ባለፈው ማክሰኞ አባ ዝምታ የቤዝ ጊታር ክር ሊገዛ ሱቅ መጣ። እንደ ልማዴ አማሁህ። ክሩን እየመረጠ ቆየና፣ «አንተ ነጋዴ፣ ወንድምህ የእኔን ተረከዝ ነበር የሚያየው። ያንን ነው የነጠቅከው» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም፤ ታውቀዋለህ።

የመጀመሪያውን ቀረጻ ቪዲዮ አውጥቼ አየሁ። ዓይንህ ወለሉን በምት ከሚመታው ተረከዙ አይነቀልም። ሁለታችሁም ጫማችሁን አውልቃችኋል። ማዳመጫው አንገትህ ላይ ተንጠልጥሏል፤ አሥራ አንዱንም ቀን አንዴ እንኳ ጆሮህ ላይ አላደረግከውም። እኔ ስንት ጊዜ በዚያ በር ገብቼ ወጣሁ! የጊታር አንገት መጣመሙን ከሱቁ ማዶ የማይ ሰው፣ የእናቴን ልጅ አላየሁትም።

ጆሮህ መድከሙን ለእናታችን አልነገርኳትም። እሷ ግን ባለፈው ልትጠይቃት ስትመጣ ቴሌቪዥኑን ለምን እንደዚያ እንዳስጮኽከው አንስታብኝ ነበር።

ያንን የመጨረሻ ዘፈን እንደገና እንድትቀዱት እፈልጋለሁ፤ ባትፈልግም መብትህ ነው። የመጋዘኑን ምንጣፍ በእጄ ገፍፌ አውጥቻለሁ፤ ወለሉ አሁን ባዶ እንጨት ነው። ትልቁን የቤዝ ስፒከር፣ ንዝረቱ እንዲሰማህ፣ ከወንበርህ ሥር በጀርባው አስተኝቼዋለሁ። አባ ዝምታ ጫማውን አውልቆ ፊት ለፊትህ ይቀመጣል፤ የካልሲውን ሽታ እንግዲህ አንተው ቻለው። ለዘፋኟና ለጊታሪስቱ ምን እንደሚነገር የምትወስነው አንተ ነህ።

ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥህ፤ ቂም ከቤታችን ይራቅ።

ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። በሩን አላንኳኳም። ከመስኮትህ ማዶ መንገዱ ላይ እቆማለሁና፣ ቀና ብለህ እየኝ።

የእናትህ ልጅ፣
ታናሽህ