ባሕር ላይ የቀረ መርዶ

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ ጌጥነሽ፤

ነገሩ በዘመድ አፍ እንዳይዛባ ቀኖቹን በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ። ሚያዝያ 20 ቀን እምዬ አረፈች። ሚያዝያ 21 ቀን ተቀበረች። ሚያዝያ 25 ቀን ማለዳ የኦሮራ እድራችን ሽማግሌዎች በሬን አንኳኩተው አረዱኝ። ግንቦት 9 ቀን ከዴንቨር ወደ ሲያትል በረርኩ። ግንቦት 10 ቀን፣ እሑድ፣ ከታናሽ ወንድማችን ከኤሊያስ ጋር መርከብ ተሳፈርኩ። በዚያው ዕለት ኤሊያስ ደወለልሽ።

ሰላምታውን ከዚህ በኋላ ማቅረቤ ሥርዓቱን መገልበጥ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይቅር በይኝ። ለመሆኑ እንዴት ሰነበትሽ? ለቅሶ ቤት መሬት ላይ መቀመጡ የጉልበትሽን ሕመም አባብሶብሽ ይሆን? እንቅልፍስ ይወስድሻል? የጋሽ በድሉ ሳል ለቀቃቸው? እኔ፣ ፀዳልና ልጃችን ናታን በጤና አለን።

ኤሊያስ ስልኩን ከዘጋ በኋላ «ነግረኸዋል ወይስ አልነገርከውም?» ብለሽ የላክሽልኝን መልእክት ያኔውኑ አይቼዋለሁ። ያልመለስኩት በስልክ ተጽፎ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው። የፀዳል የሥራ ባልደረባ ሮማነወርቅ ወደ ባሕር ዳር ስለምትመጣ ይህን በእጇ ልኬዋለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

እንደምታውቂው ኤሊያስ ብሬመርተን በምትባል፣ ከሲያትል ባሕር በሚለያት ከተማ ብቻውን ይኖራል። እዚያ የቤት ኪራይ ይቀልለታል፤ ሥራው ግን ሲያትል ስለሆነ ጠዋትና ማታ በመርከብ ይመላለሳል። እኛ ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ቆመን አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ እንደምንጠብቅ፣ እሱ መርከብ ይጠብቃል። የሽማግሌዎቹ ምክር ግልጽ ነበር። ብቻውን ለሚኖር ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው በተሰበሰበበት ቤት፣ ደግፎ የሚይዝ ባለበት ይነገራል። ስለዚህ ሲያትል የሚኖሩት ያገራችን ሰው አቶ ወልደገብርኤል ቤታቸውን ሰጡ፤ አጽናኞቹም ከቅዳሴ መልስ እዚያው ተሰብስበው እንዲጠብቁ ተስማማን። የእኔ ድርሻ ምሳ ተጠርተናል ብዬ ኤሊያስን ማሻገር ብቻ ነበር።

መርዶውን ከሰማሁ ጀምሮ ጢሜን አልተላጨሁም። ኤሊያስ ጢም ካየብኝ ወዲያው እንደሚያውቅ ስለገመትኩ በዚያች እሑድ ጠዋት ተላጨሁ። ያጋለጠኝ ይኸው ጥንቃቄዬ ነው። ሥራዬ የውኃ ናሙና መሰብሰብ በመሆኑ ፀሐይ ላይ እውላለሁ፤ ግንባሬና አፍንጫዬ ጠቁረው፣ ጢም የሸፈነው አገጬ ፈዝዞ ቀርቶ ነበር። መስተዋት ፊት ቆሜ ይህን አላስተዋልኩም።

መርከቡ ባለ ብዙ ፎቅ ነው። ከታች መኪና ይሰለፋል፣ ከላይ ሰው በመስኮቱ ሥር ተቀምጦ ያንቀላፋል። ከኋላችን ብሬመርተን ወደብ ላይ የቆሙት የጦር መርከቦች ግራጫ ጎን እየራቀ ሄደ፤ ኋላም የሲያትል የመስተዋት ሕንፃዎች ከውኃው በላይ ብቅ አሉ፤ በስተቀኝ በረዶ የለበሰው ተራራ ደመና ላይ የተቀመጠ ይመስል ነበር። እንግዶቹ ፎቶግራፍ ይነሣሉ። ኤሊያስ ቀና ብሎም አላየውም።

መጀመሪያ ሲቀልድ ነበር። ወደ ዘጌ ስንሻገር እምዬ ዓይኗን ጨፍና የጀልባውን ጠርዝ እንደምትጨብጥ አስታወሰና፣ እዚህ ብትሳፈር ካፒቴኑን ቀስ ብለህ ንዳ እያለች በማርያም ስም ትገዝተዋለች አለ። ሳቅሁ፤ ሳቄ ሳይረዝም አልቀረም። እሱም ድምፁን ሳይለውጥ፣ «ጋሼ፣ አንተ ጸጉርህን ለመቆረጥ እንኳ ከወር በፊት ቀጠሮ የምትይዝ ሰው ነህ። ለአንድ ምሳ ብለህ አውሮፕላን ተሳፈርክ?» አለኝ። የአቶ ወልደገብርኤልን ግብዣ ደገምኩለት። እጁን ዘርግቶ አገጬን በጣቱ ነካና መቼ እንደተላጨሁ ጠየቀኝ። ዛሬ አልኩት። ተነሥቶ ወደ ውጭው መተላለፊያ ወጣ፤ ተከተልኩት።

ውጭ ነፋስ ነበር። የብረት መደገፊያው ወገቤ ድረስ ብቻ ነው፤ ከሥሩ ውኃ ነው፤ ከእኔ በቀር እሱን የሚይዝ ዘመድ የለም። እዚህ ቦታ ላይ መናገር እንደሌለብኝ ወሰንኩ። የተናገረው እሱ ነው፤ ቃሉን ሳላሻሽል እጽፍልሻለሁ።

«አትንገረኝ። ከነገርከኝ ዛሬ አልቅሼ ነገ ሥራ እገባለሁ። ወረቀቴ ስላላለቀ መሄድ አልችል፤ መቃብሯን አላይ። ካልነገርከኝ ግን እሑድ እሑድ የምደውልበት ቤት አለኝ።»

ስልኩን አውጥቶ አጠገቤ ቆሞ ደወለልሽ። እናንተ ዘንድ መሽቶ ነበር። እምዬን አገናኚኝ አለሽ። የጠበቅሽው ልቅሶውን እንደነበር አውቃለሁ። ከዚያ እንደወትሮው፣ ራቷን በልታ ተኝታለች አልሽው። እሱም «አትቀስቅሻት፤ ብርድ ልብስ ደርቢላት» ብሎ ዘጋው። ፊቱን አላየሁትም፤ ወደ ውኃው ዞሮ ነበር።

ሲያትል ስንደርስ አቶ ወልደገብርኤል ጥቁር ክራቫት አስረው መውጫው ላይ ቆመው ነበር። ኤሊያስ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣቸውና ወደ መመለሻው ሰልፍ ገባ። እሳቸው ወደ እኔ ዞረው «ያዘው እንጂ ልጁን» አሉኝ። ልይዘው እችል ነበር። የተሰበሰበውን ሰው እንዲያሰናብቱልኝ ለመንኳቸውና ተከትዬው ተሳፈርኩ።

ልክ ሠርቻለሁ ብዬ አልከራከርም። የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ፍቅረሥላሴ፣ ካላለቀሰ ይታመማል ብለው ተቆጥተውኛል። እኔ ስረዳ ቤቴ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ፀዳልን ከምድጃ ያሳረፏት ጎረቤቶች ነበሩ። ኤሊያስ ግን ሐዘንተኛ መሆኑን የሥራ ባልደረቦቹ እንኳ ስለማያውቁ፣ እግዜር ያጽናህ የሚለው አንድ ሰው የለውም።

አርባዋን እንዳሰባችሁት ግንቦት 29 ቀን አውጡላት። ፎቶግራፍ ግን ማንም እንዳይለጥፍ ወጣቶቹን አደራ በያቸው። እሑድ ሲደውል ምን እንደምትመልሺለት ልነግርሽ አልደፍርም፤ ከእኔ ድርሻ የከበደው ለአንቺ ተርፏል። የሚበቃሽ ቀን ሲመጣ ብትነግሪው አልወቅስሽም።

ጋሽ በድሉን በአክብሮት ሰላም በይልኝ። ለልጃችሁ ለሊዲ ፈተናዋ እንዲቀናት እመኛለሁ። እምዬን አጥበው የገነዙልንን እማማ ዘሪቱን እጃቸውን ስሚልኝ። ኤሊያስም ስንለያይ እያንዳንዳችሁን በየስማችሁ ጠርቶ ሰላም በልልኝ ብሎኛል፤ ከሁላችሁ አስቀድሞ የጠራው እምዬን ነው።

እኔ ለወንድማችን መርዶውን አልነገርኩትም።

ወንድምሽ አባይነህ
ኦሮራ፣ ኮሎራዶ
ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.