ውሃ የገባች ኳስ

ነሐሴ 4
ዛሬም ክሪኬት ስንጫወት አያቴ ቡቡ አስወጡኝ። ሁለት ኳስ ብቻ መትቼ! ሦስተኛዋ የእነ ሂቶሎን ጣሪያ አልፋ ባሕር ውስጥ ጠለቀች። አያቴ እንደ ልማዳቸው በረንዳው ላይ፣ ወንበራቸውን ወደ ሜዳችን አዙረው፣ አፋቸው በሚያኝኩት የቡዋይ ፍሬ ቀልቶ... «ውሃ ገባች! ውጪ!» ሐኑአባዳ በሙሉ ሰማ። የመንደራችን ሕግ ነው። ኳስ ውሃ ያስገባ ይወጣል፣ ዋኝቶም ያመጣታል። ቤታችን ሁሉ ባሕር ላይ ተተክሎ ኳሷ ታዲያ ወዴት ትሂድ?
«ቡቡ፣ ሌላ አገር እኮ ይሄ ስድስት ነጥብ ነው!»
ቀዩን ምራቃቸውን ወደ ባሕሩ ተፉ። ከዚያ፣ «ሌላ አገር ሂጂና ምቺያ። መጀመሪያ ግን ኳሷን አምጪ።»
ዋኘሁ። ቀሚሴ እስካሁን አልደረቀም።

ነሐሴ 7
መዝሙር መሃል ስለሳቅሁ መጋቢ ሞሪያ ቅጣት አገኙልኝ። አዲሱ የክሪኬት ክበብ ሲመረቅ ግድግዳው ላይ የብሔራዊ ቡድናችን ታሪክ ይሰቀላል። ጸሐፊዋ እኔ! «ኮኒዮ፣ ጠባይሽ ባያምርም ጽሑፍሽ ያምራል» አሉኝ። ምርቃት ነው ስድብ?
ሦስት ሽማግሌዎች ጠየቅሁ። ሦስቱም አንዱን ጨዋታ ለየብቻቸው አሸንፈውታል። አንዱ ወባ ይዟቸው፣ አንዱ በተሰበረ ጣት፣ አንዱ... ለካ ያን ዓመት ከቡድኑ ጋር አልተጓዙም። ውሸት እንኳ ተራ ይጠበቅለታል እኮ!
ስለዚያ ስለተሸነፍንበት፣ ከአርባ ዓመት በፊት በሩቅ አገር ወንዝ ዳር ስለተካሄደው ጨዋታ ግን ሁሉም አንድ ቃል ናቸው። «ዳኛው ሌባ ነበር።» ቡቡም ያው። «ዳኛው ሌባ ነበር።» እንደ መዝሙር የተጠና። ለምን?

ነሐሴ 10
አወቅሁ! ቡቡ ኢጎ ነገሩኝ፤ እኛ ጋ ሽማግሌ ሁሉ ቡቡ ነው። ወንዝ ዳር ከተጫወተው ቡድን በሕይወት ያሉት እሳቸውና አያቴ ብቻ ናቸው።
ያን ቀን ለማለፍ ዘጠኝ ነጥብ ቀርቶናል። የመጨረሻው መቺ አያቴ። ከፍ አድርገው መቷት፣ ከሜዳው አልፋ ወንዙ ውስጥ ገባች። ስድስት! ሕዝቡ ያጨበጭባል። አያቴ ምን አደረጉ? ዱላቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ወጡ! ውሃ ገብታለቻ! ዳኛው እየሮጠ ሄዶ እጃቸውን ይዞ መለሳቸው። ያ ሁሉ ሰው እየሳቀባቸው ዱላቸውን እንደገና ያዙ። ቀጣዩ ኳስ ከኋላቸው ያሉትን ሦስት እንጨቶች በታተናቸው፣ አሁን በእውነት ወጡ። ሦስት ነጥብ ጎድሎን ተመለስን።
«አውሮፕላን ላይ ተማማልን» አሉ ቡቡ ኢጎ። «ዳኛው ሌባ ነበር ልንል። ሙት ይወቀሳል እንዴ፣ አያትሽ እኮ ሞቶ ነበር የተመለሰው። አደራ፣ እንዳትጽፊው።»
እሺ አልኩ። አልጽፈውም... ግን ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ቡቡ! እኔን አርባ ጊዜ ያስወጡኝ ሰውዬ!

ነሐሴ 18
ምረቃው ዛሬ ነበር።
ቡቡ የድሮ ቆባቸውን አድርገው ፊት ተቀምጠዋል። ለብሔራዊ ቡድኑ ለተመረጡት ሁለት የሰፈራችን ልጆች ቆብ የሚያለብሱት እሳቸው ነበሩ። ሳምንቱን ሙሉ ሸሚዛቸውን ሲያስተኩሱኝ ከረሙ።
ታሪኩን ማንበብ ጀመርኩ። ሰው ያዛጋል። ወንዝ ዳር ስደርስ... እንጃ። ለጌጥ የቆመ የክሪኬት ዱላ አጠገቤ ነበር። አንስቼ ብብቴ ውስጥ ሸጎጥኩ። አገጬን ቀና አድርጌ፣ እንደ ቡቡ ጎምለል እያልኩ ሄድኩ። ከዚያ ዳኛ ሆንኩ፣ የገዛ እጄን ያዝኩ፣ አፌን ከፈትኩ። «ውሃ ገብታ የለም እንዴ?» አልኩ በእሳቸው ድምፅ።
አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መጋቢ ሞሪያ እንኳ በመሐረብ አፋቸውን ይዘው...
ቡቡ ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ተነሥተው ወጡ። በሳንቃው ድልድይ ላይ ብቻቸውን ሲሄዱ አየኋቸው።
ሁለቱን ልጆች ቆብ ያለበሷቸው መጋቢው ሆኑ።

ነሐሴ 19
ቡቡ ኢጎ መንገድ ላይ አገኙኝ። «እንዳትጽፊው ነው ያሉኝ፣ እንዳትጫወቺው አላሉኝም» አልኩ። መልስ አጥቼ አላውቅም መቼም።
አልተቆጡም። «ልጄ፣ አሥራ አንድ ሰው አርባ ዓመት የያዛትን ኳስ ነው የጣልሽው።»
እማዬ እራቴን ከድና አስቀምጣልኝ ቀድማኝ ተኛች።

ነሐሴ 21
የቡቡ ወንበር ዞረ። ወደ ግድግዳው።

ነሐሴ 24
«ቡቡ፣ ይቅርታ» አልኳቸው ዓሣ ሳቀርብ።
«ጨው አንሶታል።»
ጨው አመጣሁ። በቃ ያ ነው ንግግራችን።

ነሐሴ 27
ማታ ስንጫወት ሂቶሎ ውሃ አስገባት። ሁላችንም ወደ በረንዳው ቀና አልን። ወንበሩ ወደ ግድግዳው እንደዞረ ነው። «ታዲያ ወጣሁ ወይስ አልወጣሁም?» አለ። ግማሹ «ወጣ»፣ ግማሹ «ስድስት ነው» አለ። ተደባደብን። ያቺን «ውጪ!» እንዲህ እናፍቃለሁ ብዬ...

መስከረም 2
ለምረቃው ያልደረሰውን የግድግዳ ሰሌዳ ጨረስኩ። ስለዚያ ጨዋታ አንድ መስመር ብቻ። «ሦስት ነጥብ ጎደለን።» ዳኛውንም ሌባ አላልኩ፣ ማንንም አላነሣሁ። ምን ዋጋ አለው? አሁን ጡት የሚጠባ ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። ትናንሾቹ ዱላ ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ይጫወቱበታል፣ «የቡቡ አካሄድ» ይሉታል። አንዱን በጥፊ መታሁት። ከማን ተማረው?

መስከረም 11
ዛሬ እኔው ውሃ አስገባኋት። እንዲያ ሩቅ መትቼ አላውቅም። ማንም አላስወጣኝም። ዱላዬን አስቀምጬ ወጣሁ፣ ዋኘሁ፣ ኳሷን ይዤ በእኛ ቤት መሰላል ወጣሁ። ውሃው እየተንጠባጠበ በቡቡ ጀርባ በኩል ሳልፍ፣
«ኮኒዮ» አሉ። ፊታቸውን ሳያዞሩ።
«አቤት ቡቡ!»
«አካሄዱን አሳምረሽዋል። ዱላው ግን በግራ ብብቴ ነበር።»
ኳሷን እንደያዝኩ ቆምኩ። ልስቅ? ላልቅስ? እግራቸው ላይ ልውደቅ? ከታች «ኳሷን አምጪያ!» እያሉ ይጮኻሉ።
መልስ አጣሁ። እኔ።