ባየልኝን ብቻውን አልተውነውም

ይድረስ ለእናቴ፣ ሳንጃ።

እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? እኔ ከኮኪት ሙቀት በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ወንድሜ ባየልኝም በሕይወት አለ። ይህን ያስቀደምኩት የሚቀጥለውን ስትሰሚ እንዳትደነግጪ ነው።

የሰሊጡ ክምር ከተቃጠለበት ወዲህ እህል አይቀምስ፣ ከሰው አይጫወት። ንዴት መስሎን ነበር። ነገሩ የገባት ፊት ለፊታችን ሱቅ ያላት ዘሀቢያ ናት። አንድ ማለዳ ፍየሎቹን ለልጆቿ ሰጥቶ፣ "አስቀይሜሽ እንደሆን አፉ በይኝ" ብሏት ሄደ። እሷ ሱቋን እንኳ ሳትዘጋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጠች። ከቅጥሩ ውጭ ቆማ፣ "አባ ኪዳን! ለልጅዎ ይድረሱለት!" እያለች ስትጣራ ከቅዳሴ የወጣው ሁሉ ሰማ።

የነፍስ አባታችን አባ ኪዳን እርሻው ድረስ ሄደው ደረሱበት። ምን ሊያደርግ እንደነበር አልጽፍልሽም። ተከትያቸው የሄድኩት እኔ የገሃነሙን ነገር ያነሱበታል ብዬ ስፈራ፣ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ "ልጄ፣ ሞት አማረህ?" አሉት። አዎ አላቸው። "እንግዲያው እስኪለቅህ አብሬህ እቀመጣለሁ" አሉት።

ሆስፒታልም የወሰዱት እሳቸው ናቸው። ጸበሉንም ይጠመቃል፣ ኪኒኑንም ይውጣል። የጽዋ ማኅበራችን ሰዎች በተራ አብረውት ያድራሉ፤ የዘሀቢያ ባል ሳጂድም ከአስር ሶላት መልስ እየመጣ ያጫውተዋል። ግን ገና ነው፣ እማ። አንዳንድ ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። በር በተዘጋ ቁጥር ሥራዬን ጥዬ ሮጬ አየዋለሁ።

ሐኪሙ፣ ከቤተሰብ እንዲህ የሆነ ሰው ነበር ወይ ብሎ ጠየቀን። እኔ ሁልጊዜ እንደምንለው፣ "የለም፤ አባታችንን የሽንፋ ወንዝ ሙላት ነው የወሰደው" አልኩ። ባየልኝ ቀና ብሎ፣ "አባቴ ዋና ይችል ነበር" አለ።

አልወቅስሽም። ያኔ ሰዉ ምን ይል እንደነበር ልጅም ብሆን አስታውሳለሁ። አባ ኪዳን ግን ትምጣ ብለዋል፤ ባየልኝ የአባቱን አሟሟት እውነት ከአንቺው አፍ ይስማ ብለዋል። ለአባባም በቅዳሴ ሊጸልዩለት የክርስትና ስሙን ጠየቁኝ። ምን ብዬ ልንገራቸው? አንድ ቀን እንኳ በቤታችን ሲጠራ ሰምቼው አላውቅም።

እመቤቴ መንገድሽን ታቅናልሽ፣ በደህና ታገናኘን።

ትልቋ ልጅሽ