ከቀረጥ ነፃ የገባው ማስቲሽ

ይድረስ ለወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክ? ሥራው፣ ስብሰባው፣ መንገዱ እንዴት ይዞሃል? ያ ብርድ ሲነካህ የሚነሳብህ ሳል ተሻለህ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። እናታችንም ደህና ናት፤ ጉልበቷ ደረጃ ሲያይ ብቻ ነው የሚያማርር። አንተ በሬዲዮ የምትናገር ቀን ደግሞ ጭራሽ አያማትም። ድምፁን እስከ ጥግ ከፍታ፣ መስኮቱን በርግዳ ስትቀመጥ ጎረቤቱ ወደደም ጠላም አብሯት ያዳምጣል። የምትለው ነገር እንኳ አይገባትም። ድምፁ አልሰለለም፣ ደህና በልቷል ማለት ነው ትላለች። የእሷ ፖለቲካ ይኸው ነው።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ያን ሁሉ አድርጌልሽ አንድ መስመር ምስጋና እንኳ ነፈግሽኝ ብለህ መቀየምህን አንብቤያለሁ። እውነትህን ነው፣ ዝም ብያለሁ። ዝም ያልኩት ግን የምጽፈው ጠፍቶኝ አይደለም፤ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር እጄን ስድብ ስድብ እያለው ነው። አሁንም ያው ነው። ቢሆንም ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው ከእህትህ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ። ስለዚህ ሥራህን ትንሽ ገታ አድርግና አንብበኝ።

መጀመሪያ ያን ንግግርህን ላንሳው። ከድንበር ማዶ ያሉት፣ ማዶኞቹ፣ በጫማችን ላይ ቀረጥ የቆለሉ ሰሞን ብቅ ብለህ፣ እኛም እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም አልክ። ከእነሱ በሚመጣው ዕቃ ሁሉ ላይ እጥፍ ጥለናል፣ የንግድ ጦርነት ከፈለጉ እንችላቸዋለን፣ ሕዝባችን ትንሽ ይታገሣል አልክ። እናታችን አጨበጨበች። የእኔ ደም ፈላ። ሕዝባችን የምትለው ማንን ነው? ራስህን ነው? ያንተ ደሞዝ በማዶኞች ቀረጥ ይቀነሳል? የአለቆችህ መኪና ነዳጅ ያጣል? አዋጁ ከእናንተ፣ ዘመቻው ከእኛ ሆነና እኛው ልንታገሥ፣ ለእናንተ ሊጨበጨብ!

ሰፈራችንን አልረሳኸውም መቼም። መንገዱ ዳር ያለው ቤት ቆዳ ይቆርጣል። እኛ ፎቅ ላይ ያለነው ሴቶች የተቆረጠውን እንሰፋለን። ከእኛ ሥር ያለው አባባ ፎርማ ደግሞ የሰፋነውን የእግር ቅርጽ ባለው የእንጨት ፎርማ ላይ ወጥሮ፣ ማስቲሽ ቀብቶ፣ ከሶሉ ጋር ያጣብቃል። አንዱ ያለ ሌላው ጫማ የሚባል ነገር አያወጣም። ማስቲሹ የሚመጣው ከማዶ ነው፤ ድሮም ከዚያው ነው፣ እዚህ የሚያመርተው የለም። እንግዲህ እነሱ ጫማችንን እንዳንሸጥ ቀረጥ ጣሉብን፤ እናንተ ደግሞ ጫማውን ከነጭራሹ እንዳንሠራ ማስቲሹ ላይ ጣላችሁበት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው። ከእኔ ቀጥሎ ባለው የስፌት መኪና ላይ የምትሰፋውን ጓደኛዬን፣ በምላሷ ምክንያት ምላጭ የምንላትን፣ ታስታውሳታለህ። አንዱን ጉንጫችንን ማዶኞቹ መቱን፣ ሌላው ቅር እንዳይለው የእኛዎቹ ጨረሱልን አለች። ያኔ ገና እንስቅ ነበር።

ከዚያ ያንተ ውለታ መጣ። አሠሪያችን፣ ምን ቢጠይቁት ይደረጋል ብቻ ስለሚል ሰው ሁሉ ጋሼ ይደረጋል የሚለው፣ አንድ ቀን ጥርሱን ገልጦ ገባና ስፌት ቤታችን ማስቲሽ ከቀረጥ ነፃ እንዲያስገባ ልዩ ፈቃድ ማግኘቱን አበሠረን። ከሰፈሩ እኛ ብቻ ነን አለ። ከዚያ ሁሉ ሴት መሀል እኔን መርጦ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝ። ነገሩ ከየት እንደመጣ ያኔ ገባኝ፤ ለሌሎቹም ገባቸው።

ወንድሜ፣ እኛ ቤት እኮ ማስቲሽ የለም! እኛ ክርና መርፌ ነን። ወንድሜ ምን አስቦ ነው ብዬ ስንት ጊዜ አወጣሁ አወረድኩ። በኋላ ትዝ አለኝ። ተማሪ እያለህ ለዕረፍት ስትመጣ የምታርፈው እኔ ጋ፣ ከስፌት ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ነበር። የአባባ ፎርማ ሽታ በወለሉ እየወጣ ልብሴም ፀጉሬም ማስቲሽ ማስቲሽ ይል ነበር። ስትስመኝ አፍንጫህን ይዘህ ትስቅ ነበር። የእታለም ሥራ ማስቲሽ ነው ብለህ ይዘኸው አደግህ ማለት ነው። ይኼ ሲገባኝ ዕንባዬ መጣ፣ አልዋሽህም። ስለምትወደኝ እንደተሳሳትክ አውቃለሁ። ግን ከመፈረምህ በፊት፣ እታለም ምን ጎደለሽ ብለህ አንዴ ብትደውል ምን ነበረበት?

የማስቲሹ በርሜሎች ሲመጡ ምላጭ፣ ከዛሬ ጀምሮ በመርፌ ቀርቶ በማስቲሽ ልንሰፋ ነው እንዴ እያለች አሳቀችን። እኛ የመሰለን ጋሼ ይደረጋል በመጣበት ዋጋ ለአባባ ፎርማ ይሰጠዋል፣ እሱ ያጣብቃል፣ እኛም እንሰፋለን ነው። ሞኝነታችን! ሰውየው አሰላው። ማስቲሹን ያለ ቀረጥ አስገብቶ፣ ቀረጥ እንደከፈለ ሰው መሸጥ ጫማ ከማሰፋት እጅግ ይበልጣል። ለክር አይወጣ፣ ለደሞዝ አይወጣ፣ ከሠራተኛ ጋር ጭቅጭቅ የለ። ለአባባ ፎርማ እንኳ በመጣበት ስጠው ብዬ ለመንኩት። ይደረጋል አለኝ። አልተደረገም።

ቀጥሎ የበርሜል ማስቀመጫ ጠበበው። የስፌት መኪኖቻችንን አንድ በአንድ ወደ ኮሪደሩ አውጥቶ ላስቲክ አለበሳቸው። ሴቶቹን ገበያው እስኪረጋጋ እቤታችሁ ቆዩ አላቸው። ገበያው አልተረጋጋም፣ እነሱም አልተመለሱም። ባሏ አልጋ ላይ የዋለባት አለች፤ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ አለች፤ ገና ሙያውን የለመደች ሙሽራ አለች። ምላጭ መቀሷን ከመሳቢያዋ አውጥታ በመሀረብ ጠቀለለች። ስንት ዓመት ጎን ለጎን ሰፍተን ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ፣ ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ ብላ ደረጃውን ወረደች። እውነቷን ነው።

እኔን ግን አላሰናበተኝም። እኔን ከለቀቀ ፈቃዱም ይለቀዋል ብሎ ይፈራላ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሱ ሞኝ ሳይሆን ወረቀቱንም እኔንም ይዞ ቀረ። በር ላይ ወንበር አስቀመጠልኝ፣ የመጋዘኑን ቁልፍ አንገቴ ላይ አንጠለጠለልኝ። ምን ልሥራ ስለው፣ አንቺ ተቀመጪ፣ መቀመጥሽ ራሱ ሥራ ነው አለኝ። ደሞዜንም ጨመረልኝ። ያቺን ደሞዝ እየወሰድኩ በሰፈሩ መሀል እንዴት እንደምሄድ ብታይ! የድሮ ባልደረቦቼ ሲያዩኝ መንገድ ይለውጣሉ፤ የማያውቁኝ ሰዎች ደግሞ ተሽቀዳድመው ሰላም ይሉኛል። የቱ እንደሚብስ እኔ እንጃ።

እናታችን ዘንድ ደግሞ እንግዳ በዛ። ቆዳ ቆራጩ ስኳር ይዞላት መጣ። ክር ሻጩ ሳሙና በካርቶን። ጉልበትዎን እንዴት ነዎት እያሉ ይቀመጣሉ፣ ሲነሱ ልጅዎ እኛንም ቢያስበን ይሏታል። እሷ ተከበርኩ ብላ ደስ ብሏታል። እኔ ማታ ማታ ስኳሩን ለባለቤቱ እየመለስኩ ከእሷ ጋር እጣላለሁ። ጫማ የሚሠራ ሰፈር ነበር፤ ዛሬ የሚሠራው ሁሉ ሥራውን ትቶ ዘመድ ፍለጋ ላይ ነው። ማዶኞቹን የሚራገምም የለም። የምንራገመው እርስ በርስ ነው። እናንተ እነሱን አስጨንቀናቸዋል ትላላችሁ፤ እኔ የተጨነቀ ማዶኛ አላየሁም።

አንድ ቀን አባባ ፎርማ ራሱ ማስቲሽ ሊገዛ ደረጃውን ወጣ። ታውቀዋለህ፣ ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ እንኳ አንቺ ውሪ እያለ ነበር የሚጠራኝ። ቆቡን አወለቀና፣ እመቤቴ፣ ትንሽ ቢቀንሱልን ብዬ ነው አለኝ። ቢቀንሱልን አለኝ! በዕድሜዬ የተሰደብኩት ሁሉ ቢደመር ያን ያህል አያቃጥለኝም። አባባ፣ እኔ እኮ ነኝ አልኩት። እሱማ ነዎት አለኝ። ምን ልቀንስለት? ቁልፉ እንጂ ዋጋው እኔ ጋ አይደለም። ባዶ ጣሳውን እንደያዘ ወረደ። በሳምንቱ ሱቁን ዘጋ።

የደወልኩልህ ያን ዕለት ነው። ወይ ለሰፈሩ ሁሉ ስጡት፣ ወይ ከእኛ ላይ አንሱት አልኩህ። ሳቅክ። እታለም፣ የተሰጠ ፈቃድ ሲነሳ መጀመሪያ ለምን ተሰጠ ይባላል፣ ትርፉ ወሬ ነው፣ ደሞዝሽን ብይና ዝም በይ አልከኝ። ከዚያ ሰው እየጠበቀኝ ነው ብለህ ዘጋኸው። እኔ ሰው አልነበርኩም ማለት ነው።

ጋሼ ይደረጋል ደግሞ ስጮህበት፣ ወንድምሽን ቅር አታሰኚው፣ እሱም እኮ አልተረሳም አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። አንተንም አልጠይቅህም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚሉት ተረት ቤታችን ውስጥ ሲነገር እናታችን ትቆጣ ነበር፤ አልበላህም ብዬ ማመን ነው የምፈልገው። ግን ወንድሜ፣ ባትበላም አስበልተሃል። የተበላውም የአንድ ፎቅ ሙሉ ሴቶች ጉሮሮ ነው። ይኼን ሳስብ አንጀቴ ያራል፤ አንተን ስለምወድህ ደግሞ እጥፍ ያራል።

ባለፈው ወር ሦስት ሰዎች ከምርመራ መሥሪያ ቤት መጡ። ጋሼ ይደረጋል አልነበረም። መጋዘኑ ይከፈትልን አሉ። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው፤ ከፈትኩ። በርሜሎቹን አዩና ማስቲሹን የምትጠቀሙበት ቦታ የት ነው አሉኝ። ወደ ኮሪደሩ ወሰድኳቸው። ከመሀላቸው ሴቲቱ የአንዱን መኪና ላስቲክ ገልጣ መዘውሩን በጣቷ ገፋ አደረገችው፤ ዝጎ እንቢ አላት። የእኔ መኪና ነበር። ይኼ ቤት ማስቲሽ ተጠቅሞ ያውቃል ወይ አለችኝ። የእናታችን ልጅ ነኝ፤ ውሸት እንዴት እንደሚያንቀኝ ታውቃለህ። ወንበር አቀረብኩላቸው። ብዙ ተቀመጡ።

በማግሥቱ ቁልፉን ለጋሼ ይደረጋል መለስኩ። ምነው እህት ዓለም፣ ምን ጎደለሽ እያለ እስከ ደረጃው ተከተለኝ። መቀሴን ይዤ በቀጥታ ምላጭ ቤት ሄድኩና አንኳኳሁ። ምን ፈለግሽ አለችኝ። ሥራ አልኳት። ደጅ ላይ አቁማ ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤ ማስቲሽ የማይገባበት ሥራ ነው ያለኝ፣ ይሆንሻል? አለችና በሩን ለቀቀችልኝ። አሁን የትምህርት ቤት ቦርሳ እንጠግናለን፣ ዚፕ እንቀይራለን። አያጠግብም። ገና ሙሉ በሙሉ ይቅር አላለችኝም፤ ክር ግን ታቀብለኛለች።

ለእናታችን ምንም አልነገርኳትም። መነገሩ የማይቀር ከሆነ ጊዜውን አይቼ እኔው እነግራታለሁ፤ አንተ እንዳትጀምረው። ደግሞም ማን ነገራቸው እያልክ ሰፈሩን አትጠርጥር። አባባ ፎርማንም ምላጭንም አትንካቸው፤ ሁለቱም ምንም አላሉም።

ፈጣሪ ጤናህን ይስጥህ። ልጆችህን ያሳድግልህ። ከክፉ ሰው ይጠብቅህ፣ ከክፉ ወዳጅም ይጠብቅህ። አንደበትህን ከሐሰት ያርቅልህ። ይኼን የምልህ ከልቤ ነው።

መርማሪዎቹ የሚጠሩህ ቀን ጠዋት ደህና አድርገህ በልተህ ሂድ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ ግን ያቆያሉ፤ እኔን በኋላ ቢሯቸው ጠርተው ጠዋት አስገብተው ሲመሽ ነው ያሰናበቱኝ፣ ከውኃ በቀር የቀመስኩት የለም። አንዱን ነገር ደጋግመው ይጠይቃሉ፤ አትቆጣቸው። ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁኝ፣ እህቱ ነሽ ወይ ብለው ነው። ነኝ አልኳቸው። አሁንም ነኝ።

ታላቅ እህትህ