ቁጥሩ የተፋቀው ቴስታታ

ይድረስ እንደ እናት ላሳደግሽኝ ለእታለም ውባንች፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽን የሚነዝርሽ ነገር ተሻለሽ ወይ? የደብረ ታቦር ብርድ ዘንድሮ በረታ ሲሉ ሰምቼ፣ ደርባ ትተኛ ይሆን እያልሁ አስባለሁ። ጋሼ አለምሰገድስ እንዴት ናቸው? ልጆቹስ? እኛ አምላክ ይመስገን አለን። ባለቤቴ የትናየት ወባዋ ለቋት ተነስታለች፤ ሙቀቱ ግን ገና በጥር እንዲህ ካደረገን ሚያዝያን እንዴት እንደምንዘልቀው እንጃ። በአካል ደህና ነን፤ የልቤን ልነግርሽ ነው የተቀመጥሁ። በስልክ እንዳልነግርሽ፣ መስመሩ እየተቆረጠ ግማሹን ብቻ ሰምተሽ እንዳትደነግጪ ፈራሁ።

በጥቅምት የደረሰብኝን ታስታውሻለሽ። የእርሻ ትራክተሮች ልጠግን ሁለት ሳምንት ሰሊጥ ማሳ ላይ ከርሜ ስመለስ፣ የአባታችን አሮጌ ፒክአፕ ሞተሯ ተፈትቶ ቴስታታው ተወስዶ አገኘሁ። ቴስታታ የሞተሩ ራስ ነው፤ እሱ ከሌለ መኪናዋ የብረት ሬሳ ናት። ጋራዡን ይዞልኝ የቆየው ታናሻችን ባህሩ ነበር። እሱም አንድ ቀን ሸህዲ ደርሶ ሲመለስ ተከፍቶ እንዳገኘው፣ ቁልፉም ከዘበኛው ከአያ አዱኛ በቀር በማንም እጅ እንዳልነበረ ማለልኝ። ወንድሜን አመንሁ። አያ አዱኛ ከወሎ ለአጨዳ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ስድስት ዓመት ደጄን የጠበቁ ሽማግሌ ናቸው። አንቱ ስላቸው የኖርሁትን ሰው፣ በቅዳሜ ገበያ ሕዝብ በሚያልፍበት በር ላይ ቆሜ «አንተ ሌባ» አልኋቸው። «ልጄ፣ እኔ እንኳን ልሰርቀው ስሙንም አላውቀው» አሉኝና ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ሄዱ።

የጥምቀት ሰሞን፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ሙሐመድጣሂር መጣ። አሮጌ የመኪና ዕቃ የሚነግድ ደንበኛዬ ነው። በማዳበሪያ ከረጢት የጠቀለለውን ቴስታታ አስቀምጦ፣ «ቁጥሩ ተፍቋል። የምን ሞተር እንደሆነ ለይልኝ፣ ተሳስቼ ሸጬ ሰው እንዳልበድል» አለኝ። ይህ የዘወትር ሥራዬ ነው፤ ፈረደ ለብረት ስም ያወጣል እያሉ ይቀልዱብኛል። በናፍጣ አጠብሁት፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን ቆጠርሁ፣ የባልቦላ መቀመጫዎቹን በካሊፐር ለካሁ። ልኩ ከአባታችን ፒክአፕ ጋር አንድ ሆነ። በዚህ እንኳ አልጠረጠርሁም፤ እንዲህ ያለ ሞተር በዚህ ቆላ ስንት አለ። ለማረጋገጥ ግድግዳ ላይ የሰቀልሁትን የፒክአፗን አሮጌ ጉዋርኒሲዮን፣ ቴስታታው ስር የሚነጠፈውን ስስ ማሸጊያ፣ አውርጄ ደረብሁበት፤ ቀዳዳ በቀዳዳ ገጠመ።

ከኋላ በኩል ያለውን የውሃ መተላለፊያ ሳይ ግን አወቅሁት። ከአራት ዓመት በፊት ዝገት ቢበላው፣ ከአሮጌ የቧንቧ ነሐስ ሞርጄ የደፈንሁት እኔ ነኝ። ያኔ ሞረዱ አምልጦኝ ጎኑን ጭሮት ነበር። በጣቴ ዳበስሁት፤ ጭረቱ እዚያው ነው። ቁጥሩን የፋቀው ሰው እሱን አላየውም።

ከማን እንደገዛው ጠየቅሁት። ሙሐመድጣሂር ፊቴን አይቶ ግራ ገባው። «ወላሂ ከወንድምህ ነው፤ በኅዳር ሸጠልኝ። ፈረደ ዋጋውን ያወርድብኛልና አታሳየው ብሎኝ ነበር፤ ሳላስለይ መሸጥ ግን ፈራሁ። እኔ ምን አውቄ» አለ። ከዚያ ወዲያ የተናገረውን አልሰማሁም።

ባህሩን በማግስቱ ባጃጅ ተራ አገኘሁት። አለመካዱ ነው የገረመኝ። «መኪናዋ የአባታችን ናት። እንሽጣት ብልህ እምቢ አልኸኝ፤ ድርሻዬን ወሰድሁ» አለኝ። እታለም፣ ለአንቺ አልዋሽም፤ በዚያች መኪና ነገር እልኸኛ ነበርሁ። «አያ አዱኛስ ምን አደረጉህ?» ስለው ግን ዓይኑን ከእኔ አሸሽቶ፣ «ሽማግሌ ናቸው፤ ይረሱታል» አለ። ከስርቆቱ ይልቅ ይህች ቃል አንጀቴን ቆረጠችው። በአንድ ገበታ አጉርሰሽ ያሳደግሽን ወንድማማቾች ነን። ሲምልልኝ እኮ ዓይን ዓይኔን እያየ ነበር።

ሐሙስ በእህል መኪና ተጭኜ፣ አያ አዱኛ ለቀን ሥራ ሄደዋል ወዳሉኝ ወደ ገለጉ ወረድሁ። በሰው እርሻ ላይ ማሽላ ሲወቁ አገኘኋቸው። እንዴት ከስተዋል መሰለሽ! እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ። ሁሉን ሰምተው ሲያበቁ፣ «ይቅር ብያለሁ። ደጅህ ግን አልመለስም። ከቻልህ ሌባ ባልኸኝ ቦታ ላይ ቆመህ፣ አይደለም በል። ሚስቴ መተማ ገበያ መውጣት አፍራ ቤት ውላለች» አሉኝ።

ቅዳሜ ቴስታታውን ከበሩ ላይ አስቀምጬ፣ ሰው ሲሰበሰብ ሁሉን ተናገርሁ። «የሰረቀኝ ወንድሜ ነው» አልሁ። ሚስታቸው ከሕዝቡ ኋላ ቆመው ሰሙና ቅርጫታቸውን አንስተው ወደ ገበያው ገቡ። የቤቱን ገመና አደባባይ አወጣ የሚሉኝ አሉ፤ አንቺም ትይኝ ይሆናል። ወሬው በሌላ አፍ ሳይደርስሽ ከእኔው ይድረስሽ ብዬ ነው።

ባህሩ የዚያኑ ዕለት ልብሱን ሸክፎ ወጣ። ከአንቺ በቀር መሄጃ የለውም፤ በሩን አትዝጊበት። ግን እያለቀሰ ሲነግርሽ አያ አዱኛን ዘሎ ካለፈ፣ አስቁመሽ ጠይቂው።

ጋሼ አለምሰገድን ጉልበታቸውን ስሜ እጅ ነስቻለሁ በይልኝ። ታንጉት ፈተናዋ ደርሷልና በርቺ በያት። ትንሹን ይኸነው ጉንጩን ሳሚልኝ። ጎረቤትሽ እማማ አሰበችም ሰላም ይሁኑ። የትናየት ሁላችሁንም ናፍቃለች። ለባህሩ ሰላምታ ልጽፍ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ተውሁት፤ አልወጣልሽ አለኝ። በደህና መድረሱን ብቻ ላኪልኝ።

ወንድምሽ ፈረደ
መተማ ዮሐንስ
ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.