ከግራ ጆሮ በላይ ያሉት ሦስት ፀጉሮች፦ የአቶ ኦኑማ ቶኩጂ የሕይወት ታሪክ

አቶ ኦኑማ ቶኩጂ ከአባታቸው ከአቶ ካንሱኬና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቶሜ በቶኪዮ ከተማ፣ ካንዳ ሰፈር፣ በ1879 እ.ኤ.አ. ተወለዱ። በአሥራ አንድ ዓመታቸው የቆነጃጅት ሥዕል የሚታተምበትን እንጨት ከሚቀርጹ ባለሙያ ቤት ገቡ። ሦስት ዓመት ቢላ ሲስሉ ኖሩ፤ ከዚያ የልብስ ጥለት፣ ቀጥሎም እጅና እግር ቀረጹ። ፀጉር መቅረጽ የተፈቀደላቸው ሃያ አራት ዓመት ሲሞላቸው ነው።

ሠዓሊው የፀጉሩን ዳር ብቻ ነድፎ ይተወዋል፤ እያንዳንዷን ዘለላ ከእንጨቱ የሚያወጣት ቀራጩ ነው። ወንድማችን በአንዲት የሩዝ ፍሬ ርዝመት ላይ አሥር ፀጉር ሲያወጡ ትንፋሻችንን ውጠን አይተናል። እንዲያው የሰው እጅ ነው ወይ ያሰኝ ነበር። ኅትመቱ ላይ ግን ስማቸው አልሰፈረም።

በ1919 ወይዘሮ ሺጌን አግብተው ሴት ልጃቸውን ናኦን ወለዱ። ናኦ ሁለት ዓመት ሳይሞላት የ1923ቱ የመሬት መንቀጥቀጥና እሳት እናቷን ወሰደባት፤ ቤቱም ፎቶግራፉም አመድ ሆነ። ነፍስ ካወቀች ጀምሮ እናቷ ምን ትመስል እንደነበር ትጠይቃቸው ነበር። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ቢላቸውን ይስላሉ። እውነቱን ለመናገር፣ እኛ ወንድሞቻቸውም ልበ ደረቅ ናቸው ብለን አምተናቸዋል።

ግትርነታቸውማ አይጣል ነው። አንድ አሳታሚ በቀረጿት ሴት ላይ ከግራ ጆሮ በላይ ወደ ፊት የታጠፉት ሦስት ፀጉሮች ይስተካከሉልኝ ቢላቸው፣ ሥራውን መልሰው አስረከቡት።

ባለፈው የበረዶ ወራት ሳንባቸውን ታመው ሲተኙ፣ የዘመናት ባልደረባቸው አታሚው አቶ ሂኮዛ ወንድማችን ከእሳቱ ወዲህ የቀረጹትን የአሥራ አራት ዓመት ሥራ ተሸክመው መጡ። ናኦ ሥዕሎቹን ፍራሻቸው ዙሪያ ደረደረች። ሠዓሊዎቹ ሰባት፣ ፊቱም የተለያየ ነው፤ ሦስቱ ፀጉሮች ግን ሁሉም ላይ አሉ። የናኦ እጅ ወደ ራሷ ጆሮ ሄደ። እዚያም አሉ።

«የእናትሽ ናቸው» አሏት አባቷ። «ለማበጠሪያ እሺ አይሉም ነበር። በአፌ መናገሩን አልቻልኩበትም፣ ልጄ።»

ሁላችንም አለቀስን፤ ስላማናቸውም አፈርን።

አቶ ቶኩጂ መጋቢት 9 ቀን 1938 በተወለዱ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው አረፉ። አንዲት ሴት ልጅና ሁለት ወንድሞች ትተዋል። ነፍሳቸው ሺጌ ካለችበት ትድረስ። ናኦም ለዛሬው ቀብር ፀጉሯን አጥብቃ ስታስር፣ ሦስቱን እንደታጠፉ ትታቸዋለች።